የዕቅድ ውይይት፦ የቴሌስኮፕ ጊዜ ለመጠየቅ ለእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) የምናቀርበው የጋራ ማመልከቻ

አስተባባሪ፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ዛሬ እንጀምር። ርዕሳችን ከጎረቤታቸው ጋዝ የሚስቡ ነጭ ድንክ ኮከቦች፣ ማለትም ነዳጃቸውን ጨርሰው የተኮማተሩ ኮከቦች ናቸው። ጎረቤቱ ቀይ ድንክ፣ ማለትም ትንሽና ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ነው። ከእሱ የሚፈሰው ጋዝ ነጩን ድንክ በዲስክ ይከበዋል፤ ብርሃኑም በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ይርገበገባል። እኔ ከእነዚህ ውስጥ ኤስኤስ ሲግኒ የተባለውን አስቀድሜያለሁ። በረጋበት፣ ማለትም በድንገት ባልደመቀበት ጊዜ 12ኛ ማግኒቲዩድ (የድምቀት ደረጃ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) ገደማ ስለሆነ በትንሽ ቴሌስኮፕም ይያዛል።

የፊዚክስ መምህርት፣ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ ኮከቡ ጥሩ ነው፤ ወቅቱ ግን አይመችም። ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በነሐሴ ነው፤ ያኔ ሰማያችን በደመና ይዘጋል። እኔ ዩ ጄሚኖረም ይሁን እላለሁ። በጥር እኩለ ሌሊት ላይ ከአናታችን አካባቢ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን ግርዶሽ አለው። ሁለቱ ኮከቦች በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። በየዙሩ ቀይ ድንኩ፣ የሚፈሰው ጋዝ ዲስኩን የሚመታበትን ትኩስ ቦታ ይጋርዳል። ዋርነርና ናዘር በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ያ ቦታ ሲጋረድ መርገብገቡም ይጠፋል። ይህንን እኛው በገዛ መረጃችን ብናየው እንዴት ደስ ይላል! በሌላ ኮከብ ላይ መነሻውን መለየት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ተማሪ፣ ደሴ፦
ቲቸር፣ እሱ እኮ በረጋበት ጊዜ 14ኛ ማግኒቲዩድ ነው። በእኛ ቴሌስኮፕ የ10 ሰከንድ ፎቶ ምን ይይዛል? ፎቶውን ወደ ደቂቃ ካስረዘምነው ደግሞ ፈጣኑ ለውጥ ይጠፋብናል።

መምህርት፦
አብሽር፣ እንጦጦን የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው። የእዚያ ቴሌስኮፖች መስታወት 1 ሜትር ስፋት አለው። እኛ ከጦሳ ተራራ ላይ በየማታው እንጠብቀው። አልፎ አልፎ በድንገት ወደ 9ኛ ማግኒቲዩድ ይደምቃል። ያኔ ዲስኩ ራሱ ስለሚደምቅ የትኩሱ ቦታ ብርሃን ይዋጣል። እንዲህ ከሆነ ቶሎ ደውለን ቀኑን እናስለውጣለን።

የማኅበሩ አባል፣ ኮምቦልቻ፦
አንድ ነገር በደንብ ይጻፍልኝ። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ማነጻጸሪያ፣ ማለትም ብርሃኑ የማይለዋወጥ ሌላ ኮከብ ይኑር። ስስ ደመና ሲያልፍ ሁለቱም አብረው ይደበዝዛሉ። ማነጻጸሪያ ከሌለ ደመናውን የኮከቡ ለውጥ ነው ብለን እንመዘግባለን። የካሜራው ሰዓትም በጂፒኤስ ይስተካከል።

አስተባባሪ፦
ተስማምቻለሁ፤ ሲግኒን አውጥቼዋለሁ። በአንድ ሌሊት ሁለት ግርዶሽ እንዲገባልን 6 ሰዓት ያልተቋረጠ ጊዜ እንጠይቃለን፤ ጨረቃ በሌለችባቸው ሦስት ሌሊቶች። የግርዶሾቹን ሰዓት የኮምቦልቻ ልጆች አስሉልን። እስከ ቅዳሜ ይድረሰኝ።