ጥፍራችሁ በሳምንቱ ይለቃል? ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ የሞከርኩት

ባለፈው ወር አራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነጠላዬን ላስተካክል ስል ክሩ የቀለበት ጣቴ ጥፍር ስር ገባ። ብጎትት እንቢ። አጠገቤ የቆሙ እናት ቀስ አድርገው አላቀቁልኝ፣ ከዚያ ጥፍሬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አክሪሊኩ (ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ ጥፍር ላይ የሚደርቀው ሰው ሠራሽ ጥፍር) ከተሠራ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር። ቤት ገብቼ ስቆጥር ከአሥሩ ስድስቱ በሥጋው በኩል ተነስተው አየር ይዘዋል።

ከዚያ ወዲህ "የት ልሠራ?" ለምትሉኝ መልሴ ተቀይሯል። ድሮ ዲዛይን የሚያሳምሩትን ነበር የምጠቁመው። አሁን ግን ከቀለሙ በፊት ያለውን ሥራ የማታጣድፍ ልጅ ነው የምፈልገው። ስም አልጠራም፣ ዋጋም አልጽፍም። ዋጋው በየወሩ ይቀያየራል።

ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሕንፃ ውስጥ ያለው ቤት። ወንበሩ ያምራል፣ ሻይም አለ። ግን ገና እንደተቀመጥሽ እጅሽን ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ለተራ ማኒኪዩር ጥሩ ነው፣ ለአክሪሊክና በላምፕ ብርሃን ለሚደርቀው ጄል ግን ጥፋት ነው። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣም ያብጣል። ያኔ ሲሠራበት ልክ ይመስላል። በኋላ ውሃው ወጥቶ ጥፍሩ ወደ ልኩ ሲመለስ፣ ከላይ የደረቀው ነገር አብሮት አይመለስም። የነጠላዬ ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። በከፊል ማለቴ ነው፣ የኔንም ጥፋት እነግራችኋለሁ።

አራት ኪሎ፣ ፀጉር ቤት ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጠረጴዛ። ዋጋዋ ለተማሪ ይሆናል፣ እጇም ፈጣን ነው። ግን ጥፍሩ ላይ የተለጠፈውን ስስ ቆዳ ሳታነሳ ነው የምትሠራው። አክሪሊኩ የያዘው ቆዳውን እንጂ ጥፍሩን አይደለም፤ ቆዳው ሲላጥ ይዞት ይነሳል። ለተራ ቀለም ሂዱ፣ ለማስረዘም አትሂዱ።

ፒያሳ፣ የኔዋ። የድሮ ቤቷ በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊፍት አትጠብቁ። ከቅዳሴው ማግስት ሄጄ "ሙጫ ብቻ ጨምሪልኝ" አልኳት።

"አልጨምርም" አለች።

ጣቶቼን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያዞረች አየች። የለቀቀው ቦታ በብርሃን ነጣ ብሎ ይታያል። ከዚያ የትኛው ጣት በየት በኩል እንደለቀቀ ደብተር ላይ ጻፈች። እኔ ሁሉም መልቀቅ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለእሷ ቦታው ነው የሚናገረው። በሥጋው በኩል ከሆነ ዝግጅቱ ነው፣ ወይም ጄሉ ቆዳ ነክቷል። ከጫፍ ከሆነ ርዝመቱ በዝቷል፣ ወይም ጫፉ በደንብ አልተሸፈነም። አውራ ጣት ብቻ ከሆነ ደግሞ ላምፑ ውስጥ ያለው አቀማመጥ ነው። አራቱ ጣቶች ጠፍጣፋ ሲተኙ አውራ ጣት ወደ ጎን ይዞራል፣ ብርሃኑ በትክክል አያገኘውም። እሷ ለብቻው ነው የምታደርቀው። እጅሽ ላይ ብዙ ጣት ከለቀቀ ግን የምትጠይቀው አንቺን ነው።

"ቅቤ ተቀብተሻል እንዴ?"

ተቀብቼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን በቅቤ ለቅልቄ፣ ከሰዓት ጥፍር ቤት። እጄን በሳሙና ታጥቤ የለቀቀ መስሎኝ።

የተነሳውን በብረት አልፈለቀቀችም። "በግድ ከተነቀለ የራስሽን ጥፍር ልጦ ነው የሚሄደው" ብላ ነጩ እስኪጠፋ ድረስ ሞረደችው። ጥሩው ጋ ስትደርስ አቆመች። አቧራውን ጠርጋ፣ ቅባቱን በማድረቂያ ፈሳሽ አንስታ፣ ፕራይመሩን (አዲሱ ጥፍሩን እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን) ጠብ አድርጋ ብቻ ነካችው። አዲሱን ስትሠራ ከሥጋው የፀጉር ስንጥር ያህል ራቀች።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። የሚሞላ ላምፕ አላትና አውጥታ ሰከንዱን ከመጀመሪያው ቆጠረች። ሌላ ቦታ "ደርቋል በቃ" ይሉሻል። ጄል ላዩ ጠንክሮ ስሩ ሳይበስል ሊቀር ይችላል፣ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ድፎ ዳቦ። ያ ጄል መልቀቁ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ያልበሰለው ነገር ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያስነሳል። ጣትሽ ዙሪያ ማሳከክ ከጀመረ አቁሚ። ቆዳሽ አንዴ ለእነዚህ ኬሚካሎች ከተቆጣ በኋላ ዘመዶቻቸው ባሉበት የጥርስ ሙሌትም ሊያስቸግርሽ ይችላል።

ራሳችሁ ለምትሠሩ፣ ስለ ዕቃ። መርካቶ ላምፕ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ "48 ዋት" ማለቱ ብዙም ነገር አይነግራችሁም። ዋት ላምፑ የሚበላው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ዋናው ነገር ብርሃኑ ከጄሉ ጋር መስማማቱ ነው፣ ስለዚህ ከተቻለ ላምፑንና ጄሉን ከአንድ ድርጅት ግዙ። የአክሪሊክ ፈሳሽ ላይ ኤምኤምኤ (ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባለው ኬሚካል) ካለ ወይም ጠርሙሱ ጭራሽ ስም ከሌለው አትንኩት። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1970ዎቹ ነው በንጹህ ኤምኤምኤ በተሠሩ ምርቶች ላይ እርምጃ የወሰደው። ምልክቱ አፍንጫ የሚበጥስ ሽታና በአሴቶን አልሟሟ ማለቱ ነው። በምትኩ ኢኤምኤ (ኤቲል ሜታክሪሌት) የሚለውን ፈልጉ። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት አክሪሊክ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜው ነው፤ ክፍሉንም ፈሳሹንም አሙቁ።

ምን ዓይነት ልሠራ ለምትሉ፦ ልብስ በእጅ የምታጥቡ፣ ሽንኩርት የምትከትፉ፣ ሕፃን የምታጥቡ፣ አጭር ቢልደር ጄል (ጥፍሩን የሚያጠነክረው ወፍራም ጄል) ይሻላችኋል። ትንሽ ስለሚለጠጥ ከጥፍር ጋር አብሮ ይታጠፋል። አክሪሊክ ጠንካራ ነው፣ ረጅም ለሚወዱ ይሆናል፣ ግን ጥፍራቸውን እንደ ቢላ ለሚጠቀሙ አይደለም። የቆርቆሮ ለስላሳ በጥፍር መክፈት ይቅር። ለሠርግ ወይም ለመልስ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ተለጣፊውን ግዙ፣ ማታ ይወልቃል፣ ማንም አያውቅም።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ማስሞላት (ከኋላ ያደገውን ባዶ ቦታ ማስሸፈን) ግድ ነው። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሦስተኛው ሳምንት ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ ኋላውን ያነሳዋል። አራተኛ ሳምንት ጠብቃችሁ ባለሙያዋን አትውቀሱ።

ጥፍር ለምትሠሩ እህቶች አንድ ነገር። ደንበኛ ለቅቆባት ስትመለስ በለቀቀው ላይ ሙጫ አታፍስሱ። እዚያ ክፍተት ውስጥ ውሃ ገብቶ ይቀራል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ጥፍሩ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙዎቻችን ሻጋታ የምንለው ያንን ነው። አረንጓዴ ካያችሁ አውልቁት፣ በላዩ አትሥሩ፣ የተጠቀማችሁበትን ሞረድ ጣሉ፣ ደንበኛዋንም ወደ ቆዳ ሐኪም ላኳት። የራሷ ጥፍር ከሥጋው የተላቀቀ ከሆነም እንዲሁ፤ ያ የጄል መልቀቅ አይደለም። ቅር ይላታል፣ ምናልባትም ሌላ ቤት ትሄዳለች። እኔም ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አስቀምጣኛለችና።

ይኸው ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነው፣ አንድም አልተነሳም። ቅዳሜ ማስሞያ ቀጠሮ አለኝ። ቅቤውን እሁድ እቀባለሁ፣ በጓንት።