«አብሽር»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንበለው?

መምህሩ ከደሴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ተማሪዎቼን በሰፈር የሰማችሁትን ንግግር ወደ እንግሊዝኛ መልሱ አልኳቸው። አንዲት ልጅ የቡና ላይ ወሬ ይዛ መጣች። ጎረቤቷ ላም ሞቶባታል፤ በረካው እየተቀዳ ሳለ አንዲት አሮጊት «አብሽሪ ልጄ» ይሏታል። ልጅቱ «ቺር አፕ፣ ማይ ቻይልድ» ብላ ጻፈችው። ልሰርዘው ብዕሬን አነሣሁና በምትኩ የምጽፈው ጠፋኝ።

ከሐይቅ፦ መምህር፣ «ዶንት ዎሪ» ይበቃዎታል። ብቻ «ዶንት ዎሪድ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ፤ ይህ ስሕተት በተማሪዎች ደብተር ሞልቷል።

ከቦሩ ሜዳ፦ የሐይቁ ልጅ፣ ቸኮልህ። «ዎሪ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማነቅ» ነበር፤ ዛሬም ውሻ በጎችን ሲያዋክብና ሲነክስ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። «ዶንት ዎሪ» እንግዲህ ክልከላ ነው፤ አትጨነቂ ይላል እንጂ የሚሰጠው ነገር የለም። «አብሽር» ግን ይሰጣል። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን መልካም ዜና ተቀበል፣ ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። ባዕድ ቃል ነው የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ ይገርሙኛል። በንጉሡ ሠ የምንጽፈው «አብሠረ»፣ «ብሥራት» የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ዐረቡ ሸ ባለበት ግዕዙ ሠ ይላል፤ እነሱ «መሽሪቅ»፣ እኛ «ምሥራቅ»። አብሽርና ቅዱስ ገብርኤል ያበሠረው ብሥራት የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ወሎ ላይ ቢገናኙ ምን ይገርማል?

ልጅቱ እንግዲህ ከቃሉ አልራቀችም፤ የራቀችው ከቦታው ነው። «ቺር» ድሮ ፊት ማለት ነበር። ላሟ ለሞተባት ሴት «ቺር አፕ» ማለት «ምን ያስኮርፍሻል፣ ፊትሽን ፍቺው» ይመስላል፤ ቅር ያሰኛል። እኔ ብሆን «ኢት ዊል ቢ ኦል ራይት፣ ማይ ዲር» እላለሁ። ተስፋው አለበት። «ማይ ቻይልድ»ን ደግሞ ለቄስ ተዉለት። ባለ ዕዳ ቀን እንዲራዘምለት ሲለምን አበዳሪው «አብሽር» ቢለው «ዴር ኢዝ ኖ ሀሪ» ነው። ለቅሶ ቤት ከሆነ «አይ አም ሶ ሶሪ»። እዚህ ላይ ተማሪ ይደነግጣል፤ «ሶሪ» ይቅርታ ብቻ ስለሚመስለው ምን አጥፍቼ ነው ይላል። አዘንኩ ማለትም ነው።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ ከ«አይዞሽ» በምን ይለያል?

ከቦሩ ሜዳ፦ ብዙውን ጊዜ ይተካካሉ፤ ግን «አይዞን» ብለን ራሳችንን ጨምረን እናጽናናለን፤ «አብሽር» ትእዛዝ ስለሆነ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው።

ከከሚሴ፦ እኔን የሚቸግረኝ ሌላ ነው። ለወንድ አብሽር፣ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ ሰው አብሽሩ። እንግሊዝኛው ለሕፃኑም ለሸኹም አንድ ነው። ተማሪዎቼ አያታቸውን የደፈሩ ይመስላቸዋል።

ከቦሩ ሜዳ፦ እትዬ፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እንግሊዞች ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል አንተ ነበራቸው። «ዩ» የብዙው ነበር፤ በኋላ እንደ እኛ እርስዎ ለአክብሮት ዋለና አንተን ከቤት አስወጣው። ስለዚህ ለአንድ ሰውም «ዩ ዋር» እንላለን፣ «ዩ ዋዝ» አንልም። ልጆቹን ሁሉንም ሰው አንቱ እያላችሁ ነው በሏቸው።

መምህሩ ከደሴ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ ከጎኑ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩላት። ልጅቱ አንብባ «ቲቸር፣ ላሟ ግን ሞታለች እኮ፣ ምኑ ነው ኦል ራይት የሚሆነው?» አለችኝ። መልስ ያለው ካለ እጠብቃለሁ።