የፊት ቀኝ ፍሬን ካሊፐር ፒስተን አልመለስ አለኝ

የደሴና የኮምቦልቻ ሜካኒኮች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። መኪናው ቶዮታ ሚኒባስ ነው፤ ያስቸገረኝም ካሊፐሩ፣ ማለትም በፒስተኑ የፍሬን ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል ነው። ጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ቀኙ ብቻ ይግላል፤ ቸርኬው እጅ አያስነካም፣ የውስጠኛው ፓድም ከውጪኛው ቀድሞ አልቋል።

የካሊፐሩ ጎሚኒ (ፒስተኑን ከቦ ዘይት የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) አዲስ ነው። የታጠበው በፍሬን ዘይት ብቻ ነው፤ ቤንዚን ጎሚኒ ያሳብጣል። ዶት 4 የፍሬን ዘይት ተሞልቶ አየሩ ወጥቷል፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም በእጅ ይሄዳሉ። ጎማው እንደያዘ የአየር ማውጫውን ብሎን ስከፍት አይለቅም፤ ስለዚህ የፍሬን ቱቦው ወይም ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ፓምፕ) ግፊት አፍኖ ነው የሚለውን ትቼዋለሁ።

የጠረጠርኩት ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ ነው፤ ጥጉ ላይ የተጋገረ ዝገት አለ። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው ያው ጎሚኒ ተጣሞ ሲመለስ ስለሆነ፣ ዝገት ከሥሩ ከገፋው ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል።

ቦዩን በምን ልጥረገው? በብርጭቆ ወረቀት ብነካው ልኩ ሰፍቶ ዘይት እንዳያሾልክ ፈራሁ። ፒስተኑም ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ አለ፤ ግን በአቧራ መከላከያው በኩል እንጂ ጎሚኒው በሚያልፍበት አይደለም። ይሠራል ወይስ ይቀየር? ፒስተን ለብቻው የሚሸጥ ካለ ጠቁሙኝ፤ ሙሉ ካሊፐር ግዛ የሚለኝ ሰውማ ሞልቷል።