ከደንዳኔ ቀዶ ሕክምና በፊት አንጀትን ማጠብ፦ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ሲስተር ሐና፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ደንዳኔያቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሁሉ በዋዜማው አንጀት የሚያጥብ ፈሳሽ ይጠጣሉ። አዛውንቶቹ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ አድረው፣ ጠዋት ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ እናገኛቸዋለን። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ግምገማ ግን ማጠቡ ብቻውን የቁስል ማመርቀዝንም ሆነ የስፌት መላቀቅን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ታዲያ ለምን እናሰቃያቸዋለን? ይቅር እላለሁ።

ዶክተር ዳዊት፦ ሲስተር፣ ብቻውን ፋይዳ የለውም ባሉት እስማማለሁ። ፈሳሹ ሰገራውን ጠርጎ ያወጣል እንጂ የአንጀቱ ሽፋን ላይ የተለጠፈውን ባክቴሪያ አይገድልም። አሜሪካውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ኒኮልስና ኮንዶን በ1970ዎቹ ኒዮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች በአፍ እንዲሰጥ የሠሩት ለዚህ ነበር። እኔ ማጠቢያውና በአፍ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ አብረው ይሰጡ ባይ ነኝ፤ የአሜሪካ የደንዳኔና የፊንጢጣ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 መመሪያው የመከረው ይህንኑ ነው።

ሚኪያስ፦ ዶክተር፣ በዚያው ዓመት የታተመው የፊንላንድ ጥናት የ396 ሕሙማንን ውጤት አነጻጽሯል። ሁለቱንም ካገኙት 7 በመቶው፣ ምንም ዝግጅት ካልተደረገላቸው 11 በመቶው አመርቅዘዋል፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን አልደፋም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚሞትና የትኛው እንደሚተርፍ ነው። የቺካጎው ቀዶ ሐኪም ጆን አልቨርዲና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ኮላጅንን የሚበላ ኢንዛይም አመንጭቶ ስፌቱን ያላላል። ኮላጅን ደግሞ የተገጣጠመውን አንጀት አጥብቆ የሚይዘው ገመድ ነው። ተቀናቃኞቹን በጅምላ ጨርሰን ይህን ብናስቀር ማን ያግደዋል? ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲልም ሜዳ የሚያገኘው ከአንቲባዮቲክ በኋላ ነው።

ዶክተር ዳዊት፦ በ7 እና በ11 መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ትንሽ አይደለም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማረጋገጥ 396 ሰው አይበቃም። የአይጥ ውጤትም ለሕመምተኛዬ መድኃኒት እንድከለክል አያደርገኝም።

ወርቁ፦ የምትከራከሩት ስለ ቀጠሮ ሕመምተኛ ብቻ ነው። በአገራችን አንጀቱ ተጠማዝዞ በድንገት የሚመጣው ብዙ ነው፤ ለእሱ ማጠቢያውም ክኒኑም ጊዜ የላቸውም። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ሆዱ ከመቀደዱ በፊት መግባቱ ነው ዋናው።

ሲስተር ሐና፦ ልክ ነው አቶ ወርቁ፣ እሱ ለሁሉም ግዴታ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ግን በ2020 የታተመውን የስፔን ጥናት ይመልከቱልኝ። አንጀታቸው ሳይታጠብ በዋዜማው ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉትን አንቲባዮቲኮች በአፍ ከወሰዱት 5 በመቶው፣ ካልወሰዱት 11 በመቶው ናቸው ያመረቀዙት። ሁለቱም መድኃኒቶች በየፋርማሲያችን ይገኛሉ። ሚኪያስ የሚፈራው ተቅማጥ ካለም በክትትል እንይዘዋለን። ለአዛውንቶቼ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ክኒኑ ይሰጣቸው፣ ፈሳሹ ይቅርላቸው።