የአምስቱ ማኅበራት የጋራ ዕቅድ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ የአባላት አስተያየት

የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ቅዳሜ በተስማማነው መሠረት ሁለተኛውን ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። ርእሱ «የሲቪል ማኅበራትን አቅም በማጎልበት የዴሞክራሲ ማሻሻያን መደገፍ» ይላል። በውስጡ ለ60 አመራሮች የ3 ቀን የሆቴል ሥልጠና፣ አንድ የምክክር መድረክ፣ በመጨረሻም ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርብ የጋራ አቋም አለ። ሐሙስ ለረጂው ስለምልከው እስከ ረቡዕ ጻፉልኝ። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የዕድሩ ዳኛ፦
ልጄ፣ ድካምሽን አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን «ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚለውን ከየት አመጣሽው? እኛ ዘንድ የቀረ ይቀጣል እንጂ ፈቅዷል አይባልም። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥልጠናውም ለአመራር፣ መድረኩም ለአመራር ነው። በየወሩ መዋጮውን ይዞ የሚመጣው ዕድርተኛ የት ገባ? ደግሞ ከመግቢያው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን አውጪልኝ። እስካሁን ያየሁት ማመልከቻ ሁሉ በሱ ነው የሚጀምረው፤ የታሰረ አንበሳ ግን አላየሁም።

ከዓሣ አስጋሪዎች፦
እኔ ስለ ሆቴሉ ልናገር። ሥልጠና ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና አበል ይዤ ተመልሻለሁ። አበሉን አልጠላሁትም፣ አልዋሽም። ግን ታንኳችንን የምናስጠጋበት ዳርቻ በቆርቆሮ ታጥሮ ካየን ቆየን። ቦታው ለማን እንደተሰጠ፣ በሊዝ ይሁን በምደባ፣ አጥሩስ ከውኃው ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት የነገረን የለም። ስንጠይቅ «በቃል አይመለስም፣ ደብዳቤ አምጡ» አሉን። ደብዳቤ ስናመጣ «ማኅተማችሁ አይነበብም» ተባልን። እውነትም አይነበብም። ጎማው ከማርጀቱ የተነሣ «ዓሣ አስጋሪዎች» ከሚለው ውስጥ በደንብ የሚታየው «ዓ» ብቻ ነው። አቅም ማጎልበት ካላችሁ ከዚያ ማኅተም ጀምሩልኝ።

የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ተወካይ፦
አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነ እኛን አትጥሩን። ረቂቁ «ሁሉን አቀፍ» የሚለውን ስድስት ጊዜ ይላል፤ ቆጥሬዋለሁ።

የሕግ ጉዳይ ተመልካች፦
ዓሣ አስጋሪው ያነሡት ነገር መንገድ አለው። መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገው አዋጅ 590/2000 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበለት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል፤ ተቋሙ እዚሁ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ታስቀራላችሁ። ቀን የሌለው ደብዳቤ 30 ቀን አይቆጠርበትም።

ሌላው፣ ረቂቁ ገጽ 4 ላይ «ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ በመብት ጉዳይ መሥራት ስለማይፈቀድ» የሚል አለ። ይህ የድሮው ነው። በአዋጅ 621/2001 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ በዚያ ምክንያት ስንቱ ወደ ልማት ሥራ እንደዞረ የምታስታውሱት ነው። አዋጁ በ1113/2011 ተሽሯል። ሆኖም የፌዴራሉ አዋጅ በዋናነት የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው፤ ዕድርን ደግሞ ጭራሽ አይነካም። እኛ የክልሉ ነንና እግራችንን ሕገ መንግሥቱ ላይ እንትከል፦ አንቀጽ 31 ስለ መደራጀት፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ኅብረተሰቡን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ ስለ መስጠት።

ሕጉ ፈቀደ ማለት መንገዱ ጠራ ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የመብት ድርጅቶች ሲታገዱ አይተናል። ስለዚህ የተሰብሳቢ ስምና ስልክ ያለበት ዝርዝር ለረጂም ሆነ ለማንም አይላክ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ፦
«ለከተማው ምክር ቤት» የሚለው ላይ ላቁማችሁ። እኛ ዘንድ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2013 የመረጥነው ለፌዴራልና ለክልል ነበር። በ2005 በጀርባዬ አዝዬው የተሰለፍኩት ልጅ ዛሬ በቁመት በልጦኛል። እኔ ቀበሌ ስሄድ የማገኘው ሹም እንጂ የመረጥኩትን ሰው አይደለም። የቧንቧውንም፣ የመብራቱንም፣ የገበያ ቦታውንም የሚወስነው ግን ያ እርከን ነው። የዕቅዳችን ወገብ ይሄ መሆን አለበት ባይ ነኝ፦ የአካባቢ ምርጫ መቼ ነው?

የዕድሩ ዳኛ፦
እትዬ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሰላም መመለሱን በማያረጋግጥበት ጊዜ «ምርጫ አምጡ» ብንል ከሰማይ የወረድን አያስመስለንም?

የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ነገ ሣጥን አስቀምጡ አላልኩም። ለምን እንደዘገየ፣ ምን ሲሟላ እንደሚደረግ በጽሑፍ ይንገሩን ነው ያልኩት። እስከዚያ ደግሞ የከተማው በጀት ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ይነበብልን። በጀት ለመስማት ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም። ደብዳቤው ለምርጫ ቦርድም፣ ለክልሉ ምክር ቤትም ይግባ።

የዕድሩ ዳኛ፦
እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፤ ልናገረውና ቅር የሚለው ቅር ይበለው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን። የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ የተመረጠው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ያውቃል? የኛ ዕድር ድሃ ነው፣ አዳራሹ ያፈሳል፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ግን በየሁለት ዓመቱ ይወርዳል። እኔም ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። ሁለተኛው ሲያመኝ ነበር፣ ለሳምንት ቤቴ ተኝቻለሁ።

የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እውነት ነው። ደንባችን በየሦስት ዓመቱ ምርጫ ይላል። እኔ ራሴ የተመረጥኩ አይደለሁም፤ የቀድሞዋ ጸሐፊ ስታገባ «ለጊዜው ያዢልን» ተብዬ ነው፣ አራት ዓመቴ። የማኅበሩ ማኅተም ያለው ሰብሳቢው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር ባጃጅ ይዤ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ይህን ረቂቅ ስጽፍ «ተጠያቂነት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ እየተያዘ ነበር።

ሐሙስ የምልከውን ትቼዋለሁ፤ ረጂው ሁለት ሳምንት ሰጥቶኛል። ሦስተኛው ረቂቅ እንዲህ ይሁን? የሆቴሉ ሥልጠና ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አምስቱም ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራሉ፤ ጊዜው ያለፈበት አመራር በድምፅ ይታደሳል፣ ሒሳብ ለአባላት ይነበባል። ጎን ለጎን የዳርቻው የመረጃ ጥያቄ በሕግ ጉዳይ ተመልካቿ በኩል ይገባል። የአካባቢ ምርጫውና የበጀቱ ደብዳቤ ግን ጉባኤዎቹ ካለቁ በኋላ፣ አዲስ በተመረጡት ፊርማ። ስብሰባው በዕድሩ አዳራሽ፣ ምድር ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ማምሻውን ተሰብሳቢዎች ወደ ቤት የሚመለሱበት ስለሌላቸው። በጀቱ ውስጥ ትልቁ ወጪ የአዳራሹ ጣሪያና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆኗል። ረጂው ምን እንደሚል አላውቅም።

ከዓሣ አስጋሪዎች፦
ማኅተሙስ?

የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ፦
ገብቷል። «የጽሕፈት መሣሪያ» ከሚለው ሥር።

የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ፦
ጣሪያውን እንደግፋለን፤ ደረሰኝ በኔ በኩል ይለፍ እንጂ። ለጉባኤው ቀን ጡሩንባ የሚነፋው ዕድሩ ነው አይደል? በስልክ ብቻ ከጠራችሁ የኛ እናቶች አይሰሙም።

የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጋሼ ያሉት አሞኛል፤ ግን አልተሳሳቱም። ቅዳሜ ማኅተሙን ይዤ እመጣለሁ፣ ለጸሐፊዋ ፈርሜ አስረክባለሁ። የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ስታዩ እንዳትደነግጡ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ከ2012 በኋላ ያለው ባዶ ነው።