ሬምብራንት ከሸራው ለምን ራቀ?

ባለ ሸራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ቦታዬ ቆሜ ራሴን ልሥል ከተነሣሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የሥራ ቦታዬ የማድ ቤቱ ጥግ ነው። መስታወቱን ከፊቴ አስደግፌ ስሠራ ፊቴ ሸራውን ሞላው፤ ክፍሉ ጠፋ።

እሑድ ዕለት ቦስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን «ሠዓሊው በስቱዲዮው» የተባለ ሥዕል አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1628 አካባቢ በአገሩ ከተማ በላይደን ሳለ የሣለው ነው፤ ዕድሜው ገና 22 ገደማ ነበር። 25 በ32 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ጣውላ ናት፤ እኔ ግን ከፊቷ መነሣት አቃተኝ። ትልቁ የሥዕል ማቆሚያ ጀርባውን ሰጥቶን ከፊት ተገትሯል፤ ሠዓሊው ወዲያ ማዶ፣ ሰፊ ካባ ለብሶ፣ ብሩሾቹን ይዞ፣ ሕፃን አክሎ ይታያል። ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። በሩ አጠገብ ተልጦ ጡቡን ያሳየውን ልስን ግን እንዴት አድርጎ ሠርቶታል! ለምን እንዲህ ራቀ? ሥራውንስ ለምን ደበቀን?

ቀለም በጥባጭ፦
እህቴ፣ ማቆሚያውን ደግመሽ እዪው። ታችኛው አግዳሚ እንጨት ሁለት ቦታ ተበልቷል፤ ተቀምጦ ሲሥል እግሩን የሚያሳርፍበት ነው። ስለዚህ ሥራው ከቅርብ ነው። እዚህ ግን ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄዷል፤ እያሰበ ነው። እኔም ከሸራዬ ካልራቅሁ ስሕተቴ አይታየኝም።

የድሮ ተማሪ፦
ሰውየው ራሱ ሬምብራንት ስለ መሆኑ የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኔ እሱ ነው ባይ ነኝ። አንቺ ግን ከእጅሽ ተጠንቀቂ፤ መስታወት ቀኙን ግራ ያደርገዋል። ለንደን፣ ኬንዉድ ቤት ያለው የሽምግልናው ምስሉ በራጅ ሲታይ፣ መጀመሪያ መስታወቱ እንዳሳየው ብሩሹን በግራ እጁ ይዞ ሥሎት ነበር። ኋላ አስተካክሎታል።

ባለ ሸራዋ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት መስታወቱን በሩ ጋ ወስጄ አቆምኩት። ከምድጃው እስከ መስኮቱ ሁሉም ገባ፤ እኔ አንድ ስንዝር ሆንኩ፤ ከፊት ያለው ጀበና ከራሴ ይበልጣል። ሸራዬም በመስታወቱ ውስጥ የሚያሳየኝ ጀርባውን ብቻ ነው፦ የማዕዘኑን እንጨት፣ የታጠፈውን ጨርቅ፣ አንዱ የተጣመመ ምስማር። ሬምብራንትም ያየው ይህንኑ ይሆናል። ዛሬ ማታ ከዚያች ምስማር እጀምራለሁ።