ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዲስ አበባን በአንድ ቀን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሁለት ጓደኞቼ ከሐዋሳ ማክሰኞ ማታ ይገባሉ፤ ከተማውን የማሳያቸው ረቡዕን ብቻ ነው። መኪና የለኝም፣ በታክሲ ነው የምንዞረው።

ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ ይዤ ሞክሬው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተን መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ሄድን። የታክሲ ሰልፍ፣ መንገድ መዘጋጋት፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ስንደርስ 5 ሰዓት አልፏል። እዚያ ደግሞ ፎቶ፣ ፈረስ፣ ቡና እያልን ቀኑ ሄደ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ሉሲን ሳታይ መመለሷን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ምሳ አያሳስበኝም። አንዷ ትጾማለች፣ አንዱ ሙስሊም ነው፤ በያይነቱ ሁሉንም ያግባባል። የሚያሳስበኝ መመለሻው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ እኛ ሰፈር ታክሲ ማግኘት ሎተሪ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልገለብጠው ነው፦ ጠዋት ሙዚየም፣ ከዚያ በስድስት ኪሎ በኩል እንጦጦ፣ ሲመሽ ፒያሳ እራት። መንገዱን የምታውቁ፣ ፒያሳ በልተን እስከ 2 ሰዓት ቤት እንድንገባ ከእንጦጦ ስንት ሰዓት ላይ መውረድ አለብን?